ይሄ ሪአክሽን የትኛው ዓይነት ነው? ቱሉ ዲምቱ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎኔ ክፍል ይሆናል። ስድስት ሰባት ልጆች ጠረጴዛውን ከበው ይቀመጣሉ፣ ወንበር ያነሰው ሶፋው ጠርዝ ላይ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት አካባቢ። ኬሚስትሪ ነው የማስጠናው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል። ልጆቹ በየዓመቱ ይቀያየራሉ። ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው፦ ስለ ሪአክሽን፣ ማለትም ስለ ኬሚካዊ ለውጥ ዓይነቶች። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ጻፍኳቸው።

ቀመሮቹን ሆን ብዬ በቃል ጽፌያቸዋለሁ። ብዙ ልጅ ምልክቱን ሸምድዶ ይመጣል፤ ምልክቱ የምን ነገር እንደሆነ ስትጠይቁት ግን ጣራ ጣራ ያያል። ቁጥሩንና ምልክቱን ደብተራችሁ ላይ እናንተ አስገቡበት።

ዓይነቶቹ ስንት ናቸው? አንዱ መጽሐፍ አራት ይላል፣ ሌላው አምስት

ሁለቱም ልክ ናቸው። አራቱ የማይቀሩት ውህደት፣ ፍርሰት፣ ነጠላ ምትክና ድርብ ምትክ ናቸው። ክፍል ውስጥ ኮምቢኔሽን፣ ዲኮምፖዚሽን፣ ሲንግል ዲስፕሌስመንት፣ ደብል ዲስፕሌስመንት ሲባሉ የምትሰሟቸው ማለት ነው። አምስት የሚለው መጽሐፍ ቃጠሎን ለብቻው ይቆጥራል። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ የሚሆነውን ለብቻው ቆጥሮ ስድስት የሚያደርሰውም አለ። እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ድርብ ምትክ ውስጥ ስለሚገባ እኔ ለብቻው አልቆጥረውም።

አማርኛው ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ፍርሰትን ብተና የሚል አለ፣ ውህደትን ጥምረት የሚል አለ። በስም አትጣሉ።

ቀመር ሲሰጠኝ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

ይህ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት የሚታየውን ነገር ነው። አረፋ ካለ አንድ ዓይነት፣ እሳት ካለ ሌላ ዓይነት ይመስላቸዋል። አረፋ ግን ከአንድ በላይ በሆኑ ዓይነቶች ውስጥ ይወጣል፣ ሙቀትም እንደዚያው። ዓይነቱን የሚነግራችሁ ማን ከማን ጋር እንደገባና ማን ከማን ጋር እንደወጣ ነው። እንደ ሱቅ ሒሳብ ቁጠሩት። ከቀስቱ በግራ ገቢ፣ ከቀስቱ በቀኝ ወጪ።

ብዙ ገብቶ አንድ ብቻ ከወጣ ውህደት ነው። አንድ ገብቶ ብዙ ከወጣ ፍርሰት ነው። ለእነዚህ ሁለቱ ከዚህ በላይ ማሰብ አያስፈልግም።

ሁለት ገብቶ ሁለት ከወጣ ግን ቆም በሉ። አሁን የምትፈልጉት ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር ነው። ብቻውን ማለት ከሌላ ጋር ያልተዋሃደ፣ እንደ ዚንክ፣ ብረት፣ ክሎሪን ያለ። በግራ አንድ ብቸኛና አንድ ውሁድ ገብቶ፣ በቀኝም አንድ ብቸኛና አንድ ውሁድ ከወጣ ነጠላ ምትክ ነው። ብቸኛ በየትም በኩል ከሌለና አራቱም ውሁዶች ሆነው አጋር ከተለዋወጡ ድርብ ምትክ ነው።

በፊደል ሲጻፍ እንዲህ ይመስላል፦

ሀ + ለ → ሀለ (ውህደት)
ሀለ → ሀ + ለ (ፍርሰት)
ሀ + ለመ → ሀመ + ለ (ነጠላ ምትክ)
ሀለ + መሠ → ሀሠ + መለ (ድርብ ምትክ)

አንድ ወጥመድ አለ። ቀስቱ ላይ የተጻፈ ነገር አይቆጠርም። ፖታሲየም ክሎሬት ሲሞቅ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድና ኦክስጅን ይፈርሳል። ከቀስቱ በላይ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እሱ የሚያፋጥን እንጂ የሚያልቅ አይደለም። ልጁ ግን ገቢ ውስጥ ይቆጥረውና "ሁለት ገባ ሁለት ወጣ፣ ቲቸር፣ ምትክ ነው" ይለኛል። የገባው አንድ ነው። ፍርሰት ነው።

ባላንስ ሳላደርግ ዓይነቱን ማወቅ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ከፊት ያለው ቁጥር ዓይነቱን አይቀይረውም። ሦስት ሞለኪውል ኦክስጅን ቢገባም እንደ አንድ ነገር ቁጠሩት።

መጀመሪያ ነገር ኬሚካዊ ለውጥ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቡና ሲፈላ አስቡት። ጥሬው ሲታጠብ ምንም አዲስ ነገር አልተፈጠረም። ሲቆላ ቀለሙ ይቀየራል፣ ጭስ ይወጣል፣ ሽታው ደረጃ አልፎ ጎረቤት ይጠራል። ፍሬው ውስጥ ቀድሞ ያልነበሩ ነገሮች ተፈጥረዋል፣ ወደ ኋላ መመለስም የለም። ይሄ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ሲወቀጥ ደግሞ የተቆላው ቡና አነሰ እንጂ ሌላ ነገር አልሆነም። ጀበና ውስጥ ሲንፈቀፈቅ የምታዩት አረፋም ውሃው ወደ እንፋሎት ሲቀየር ነው። አዲስ ጋዝ አይደለም።

የምትፈልጓቸው ምልክቶች የቀለም ለውጥ፣ አዲስ ሽታ፣ ሳይፈላ የሚወጣ ጋዝ፣ ጥርት ካለ ውሃ ውስጥ ድንገት የሚዘቅጥ ነገር፣ በራሱ የመጣ ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ ናቸው። አንዱ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ ቢጠፋ ጠፋ አትበሉ። ውሃው እስኪተን አሙቁት፣ ጨዉን ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ውህደት ቤታችን አካባቢ የት አለ?

የዛገ ሚስማር ላይ። ብረት፣ ኦክስጅንና ውሃ አንድ ላይ ሆነው ዝገትን ይሰጣሉ። ብዙ ገባ፣ አንድ ወጣ።

የእኔ ተወዳጅ ምሳሌ ግን ኖራ ነው። እኛ ሠፈር ግንባታ የማያልቅ በሽታ ነው፣ በየአጥሩ ስር የኖራ በርሜል አይጠፋም። ያልተበጠበጠው ኖራ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው። ውሃ ሲፈስበት በርሜሉ ያለ እሳት ይፈላል።

ካልሲየም ኦክሳይድ + ውሃ → ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ

ውህደት ነው፣ ሙቀት ይሰጣል። ሲበጠበጥ ልጅ አታስጠጉ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ አደጋ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ልቀጥለው፣ ምክንያቱም አንድ ነጭ ግድግዳ ሦስት ሪአክሽን ያስተምራል። ኖራው ከየት መጣ? ከኖራ ድንጋይ፣ ከካልሲየም ካርቦኔት። ድንጋዩ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ወደ ካልሲየም ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለያያል። ፍርሰት ነው። ከዚያ ውሃ ሲጨመርበት ያየነው ውህደት። ከዚያ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተቀባው ኖራ ቀስ እያለ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ውሃ ይለቅቃል፣ ተመልሶም ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። ግድግዳችሁ ላይ የተቀባው ኖራ ሲጠነክር ወደ ድንጋይነቱ እየተመለሰ ነው።

ሦስተኛው የትኛው ዓይነት ነው? ሁለት ገባ ሁለት ወጣ፣ አራቱም ውሁዶች ናቸው። ግን አጋር የመለዋወጥ ቅርጹ ጥርት ብሎ አይታይም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአሲድ ጠባይ አለው፣ ኖራው ቤዝ ነው። ስለዚህ የአሲድና የቤዝ ሪአክሽን ብላችሁ መዝግቡት።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምንድን ነው?

አንዲት እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ቆመው የጠየቁኝ ነው። "ጨው ነው ወይስ ቆሻሻ?" አሉኝ።

አዲስ አበባ ውሃዋን ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ታገኛለች። ውሃ ከመሬት ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ ሲያልፍ ካልሲየም ሟሙቶበት ይመጣል፣ በካልሲየም ባይካርቦኔት መልክ። እሱ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ብቻ ነው። ስታሞቁት ይፈርሳል።

ካልሲየም ባይካርቦኔት → ካልሲየም ካርቦኔት + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

አንድ ገብቶ ሦስት ወጣ። ፍርሰት ነው። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከላይ ያየነው የኖራ ድንጋይ ራሱ። እናትየው "ታዲያ ድንጋይ ነው የምንጠጣው?" አሉ። ድንጋዩ ማንቆርቆሪያው ላይ ነው የሚቀረው፣ አይዞዎት አልኳቸው።

ነጠላ ምትክ ሁልጊዜ ይሆናል? ሁለቱን ካገናኘኋቸው ይተካካሉ?

አይሆንም። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

የኪራይ ቤት አስቡ። መዳብ ሰልፌት ማለት ሰልፌት አከራይ፣ መዳብ ተከራይ ነው እንበል። ብረት ቤት ፈላጊ ሆኖ መጣ። ብረት ከመዳብ የተሻለ ይከፍላል። መዳብ ዕቃውን ይዞ ይወጣል፣ ብረት ይገባል። እዚህ ሠፈር ለሚኖር ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ግማሾቹ ኑሮውን ያውቁታል።

ብረት + መዳብ ሰልፌት → ብረት ሰልፌት + መዳብ

ሰማያዊው ፈሳሽ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ሚስማሩ ላይ ቀይ ቡናማ መዳብ ይለብሳል። አሁን ገልብጡት። መዳብ ብረት ሰልፌት ውስጥ ቢገባስ? ምንም አይሆንም። አነስ ያለ የሚከፍል መጥቶ የተሻለ የሚከፍለውን አያስወጣም። መልሱ "ሪአክሽን የለም" ነው። በቀኝ በኩል ምርት መጻፍ ስህተት ነው።

የከፋይነት ቅደም ተከተሉን ከጠንካራው ጀምራችሁ ያዙት፦ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዢየም፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ፣ ብረት፣ ቲን፣ እርሳስ፣ ሃይድሮጅን፣ መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ። ከሃይድሮጅን በላይ ያለ ብረታ ብረት ከአሲድ ውስጥ ሃይድሮጅንን ያስወጣል፣ ከታች ያለው ግን አቅም የለውም። ለዚህ ነው ዚንክ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አረፋ የሚያወጣው፣ መዳብ ደግሞ ዝም የሚለው። ብረታ ብረት ካልሆኑት ውስጥም ወረፋ አለ፦ ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ አዮዲን። ክሎሪን አዮዲንን ያስወጣል፣ አዮዲን ክሎሪንን አያስወጣም።

አንድ ጊዜ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የሚስማሩን ሙከራ ላሳያቸው ብዬ ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ሚስማር ገዛሁ። ፈሳሹ ውስጥ ከተትኩት። ወዲያው ጠቆረ፣ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ለበሰ። ቆንጆ ቀይ መዳብ ስጠብቅ ጥላሸት መጣ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ለካስ የገዛሁት የጣሪያ ሚስማር ነው፣ ዚንክ የተቀባ። ከመዳብ ጋር የተገናኘው ብረቱ ሳይሆን ዚንኩ ነበር።

ቆርቆሮ ጣሪያችንም እንዲሁ ነው። ውስጡ ብረት ነው፣ ላዩ ዚንክ። ቢጫርም እንኳ ዚንኩ ቀድሞ ራሱን ለኦክስጅን ይሰጣል፣ ብረቱ ይቆያል። ዚንኩ ሲያልቅ ነው ዝገቱ የሚጀምረው።

ድርብ ምትክስ? እሱም "ሪአክሽን የለም" አለው?

አለው። የገበታ ጨውና ፖታሲየም ናይትሬት ውሃ ውስጥ ብትቀላቅሉ ወረቀት ላይ አጋር መለዋወጥ ይቻላል። ውሃው ውስጥ ግን አራቱም አየኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) እንደየብቻቸው ይንሳፈፋሉ፣ ማንም ከማንም ጋር አልተጣመረም። ድርብ ምትክ ሆነ ለማለት ከሦስቱ አንዱ መታየት አለበት። ወይ የማይሟሟ ነገር ይዘቅጣል፣ ወይ ጋዝ ይወጣል፣ ወይ ውሃ ይፈጠራል።

ለመዝቀጥ መጽሐፉ ሲልቨር ናይትሬትና የገበታ ጨው ይሰጣችኋል። ነጭ ሲልቨር ክሎራይድ ይዘቅጣል። ሊድ ናይትሬትና ፖታሲየም አዮዳይድ ሲገናኙ ደግሞ ደማቅ ቢጫ ይዘቅጣል። ያምራሉ፣ ግን ቤታችን የሉም። ቤታችን ያለው ሳሙና ነው።

ካልሲየም የበዛበት ውሃ ላይ ሳሙና አረፋ አልሰጥ ብሎ ሳፋው ዳር ግራጫ እድፍ ሲይዝ አይታችሁ ይሆናል። ሳሙናው ሶዲየም ስቴሬት ነው እንበል።

ሶዲየም ስቴሬት + ካልሲየም ባይካርቦኔት → ካልሲየም ስቴሬት + ሶዲየም ባይካርቦኔት

ካልሲየም ስቴሬት አይሟሟም። እድፉ እሱ ነው። ልብሱ ስለቆሸሸ ብቻ አይደለም፤ ሳሙናው ከካልሲየም ጋር ሲተካካ እያለቀባችሁ ነው።

ውሃ ለሚፈጠርበት፣ ጨጓራ ሲያቃጥል የሚዋጠውን ማግኒዢየም ሃይድሮክሳይድ ያለበትን መድኃኒት ውሰዱ። ጨጓራ ውስጥ ካለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ተገናኝቶ ማግኒዢየም ክሎራይድና ውሃ ይሰጣል።

ሦስት ነገር ከወጣስ? ካርቦኔትና አሲድ ሳገናኝ ሦስት ምርት ይጻፋል

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚጠይቁት ጎበዞቹ ናቸው።

ካልሲየም ካርቦኔት + ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → ካልሲየም ክሎራይድ + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ይህ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ድርብ ምትክ ሆኖ ካርቦኒክ አሲድ ይወለዳል። ካርቦኒክ አሲድ ግን አይረጋም፣ ወዲያው ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። ስለዚህ ድርብ ምትክ፣ አስከትሎ ፍርሰት። ምርጫ ፈተና ላይ አንድ ብቻ ምረጡ ከተባላችሁ ድርብ ምትክ በሉ። ሰልፈረስ አሲድና አሞኒየም ሃይድሮክሳይድም እንዲሁ ተፈጥረው የሚበተኑ ናቸው። እነዚህን ሦስቱን በቃላችሁ ያዙ።

ቃጠሎ ሁሉ ውህደት ነው? ወይስ ውህደት ሁሉ ቃጠሎ?

ሁለቱም አይደለም፣ ግን ይደራረባሉ። የማግኒዢየም ሪባን ሲነድ ማግኒዢየምና ኦክስጅን ገብተው ማግኒዢየም ኦክሳይድ ብቻ ይወጣል። ቃጠሎም ውህደትም ነው። የሲሊንደሩ ጋዝ ሲነድ ግን ፕሮፔን ከኦክስጅን ጋር ገብቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይወጣል። ሁለት ገብቶ ሁለት ወጣ። ቃጠሎ ነው፣ ውህደት አይደለም። ኖራውና ውሃው ደግሞ ውህደት ነበሩ፣ ቃጠሎ ግን አልነበሩም።

ከሰል ላይ ትንሽ ልቆይ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሁላችንም ወደ ከሰል ምድጃ እንዞራለን። አየር ሲበቃው ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ሁለቱም ውህደት ናቸው፣ ሁለቱም ቃጠሎ ናቸው። ልዩነቱ የኦክስጅኑ መጠን ብቻ ነው። ፍሙ ላይ አልፎ አልፎ የምታዩት ሰማያዊ ነበልባል ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደገና ሲነድ ነው። ያልነደደው ክፍል ውስጥ ይቀራል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን "አሁን ደህና ነው" ተብሎ ወደ መኝታ ቤት የሚገባው ምድጃ ነው ሰው የሚገድለው። በረንዳ ላይ ይሁን። ብርድ ቢሆንም።

በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚሆነው ድርብ ምትክ ነው?

አይደለም፣ እባካችሁ አትቀላቅሉት።

ሶዲየም ሃይፖክሎራይት + ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → ክሎሪን + ሶዲየም ክሎራይድ + ውሃ

ሁለት ውሁዶች ሲገቡ አይታችሁ ድርብ ምትክ ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ወጪው ውስጥ ብቻውን የቆመ ክሎሪን አለ። ኤሌክትሮን ተሻግሯል ማለት ነው። ኦክሲዴሽንና ሪዳክሽን፣ በአጭሩ ሪዶክስ ነው። ክሎሪን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው። የኮንዶሚኒየም ሽንት ቤት ጠባብ ነው፣ መስኮቱም የመዳፍ ያህል ነው። አቼቶም አሲድ ስለሆነ ከበረኪና ጋር አይገናኝ።

ሪዶክስ ታዲያ አምስተኛ ዓይነት ነው?

ሌላ ዓይነት ሳይሆን ሌላ መነጽር ነው። አንድ ሰው በሥራው አስተማሪ፣ በትዳሩ ባለትዳር ቢሆን ሁለቱ አይጋጩም። እንደዚያ ነው። ነጠላ ምትክና ቃጠሎ ሁልጊዜ ሪዶክስ ናቸው። ድርብ ምትክ በፍጹም አይደለም። ውህደትና ፍርሰት አንዳንዴ ናቸው፣ አንዳንዴ አይደሉም። የብረት መዛግ ሪዶክስ ነው፣ የኖራና የውሃው ውህደት ግን አይደለም። ለማጣራት ቀላሉ መንገድ ብቸኛ ንጥረ ነገር መፈለግ ነው። በአንዱ በኩል ብቻውን ቆሞ በሌላው በኩል ውሁድ ውስጥ ከገባ፣ ኤሌክትሮን ሰጥቷል ወይም ወስዷል።

ሲሚንቶ ሲደርቅ የትኛው ዓይነት ነው?

ጠያቂው አባቱ ግንበኛ የሆነ ልጅ ነው።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለሚደርቅ አይደለም። ውሃው ተንኖ ሳይሆን ከሲሚንቶው ጋር ሪአክት አድርጎ ነው የሚጠነክረው። ካልሲየም ሲሊኬቱ ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ውሃ ያቀፈ ካልሲየም ሲሊኬትና ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሰጣል። ግንበኞች የተሞላውን ኮንክሪት ለቀናት ጠዋት ማታ ውሃ የሚያጠጡት ለዚህ ነው፤ እንዲደርቅ ቢፈልጉማ ውሃ ባላፈሰሱበት። ልጁ ይህን ለአባቱ ሲነግረው "እኔ ድሮም አውቀዋለሁ፣ ስሙን ነው የማላውቀው" አለው።

ስሙ ሃይድሬሽን ነው። አራቱ ሳጥኖች ውስጥ በግድ አትክተቱት።

ጠላና እንጀራስ?

ሊጡ ላይ የሚታየው ኩፍታና የእንጀራው ዓይን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥራ ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን ይሰብሩታል።

ግሉኮስ → ኢታኖል + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

አንድ ገብቶ ሁለት ስለወጣ በቆጠራችን ፍርሰት ነው፣ የራሱ ስም ግን ፈርመንቴሽን ነው። ጠላው ብዙ ቀን ቆይቶ ሲኮመጥጥ ግን ነገሩ ይቀየራል። አሁን ኦክስጅን ይገባል፣ ኢታኖሉ አሴቲክ አሲድ ይሆናል፣ ውሃም ይወጣል። አሴቲክ አሲድ የአቼቶ አሲድ ነው። ቆጠራው ሁለት ለሁለት ቢሆንም ምትክ አይደለም፣ ምክንያቱም ብቻውን የወጣ የለም። እሳት ስለሌለና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላልወጣ ቃጠሎም አትሉትም። ኦክሲዴሽን በሉት፣ ይበቃል።

ቤት ውስጥ ልሞክረው የምችል ነገር አለ?

አንድ ጥሬ እንቁላል ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡና እስኪሸፈን አቼቶ አፍስሱበት። ቅርፊቱ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ይሰለፋሉ። በነጋታው ቅርፊቱ ይሟሟና እንቁላሉ በስሱ ልባሱ ብቻ ተይዞ ይቀራል። ሲነኩት እንደ ፊኛ ለስለስ ይላል።

ዓይነቱን አልነግራችሁም። የእንቁላል ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አቼቶው ውስጥ አሴቲክ አሲድ አለ። ከላይ ሦስት ምርት የወጣበትን ጥያቄ ተመልሳችሁ እዩና ቀመሩን ጻፉ።

ጾም ሆኖ ቤት ውስጥ እንቁላል ከሌለ የማንቆርቆሪያው ቅርፊት ይሠራል። ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አቼቶውን አሙቁና ጨምሩበት፣ ጥቂት ቆይታችሁ አለቅልቁት። ሙከራውም ይሠራል፣ ማንቆርቆሪያውም ይጸዳል፣ እናታችሁም ስለ አቼቶው ማለቅ አትጠይቃችሁም።